የመጀመሪያዪቱ ጠመንጃ
(ከእድሩ አባል የቀረበ የታሪክ ጽሑፍ)



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ቀብር ተኩስ የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ እንደ ተለያየን ታስታውሳላችሁ። አንዱ ወገን «ሰው የኖረበት ክብሩ ነው፤ ሳይተኮስለት እንዴት ዝም ብሎ ይቀበራል?» አለ። ሌላው ደግሞ «ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ተመልሶ አይወርድም ወይ?» ብሎ መለሰ። ነገሩም ለሚቀጥለው ጉባኤ አደረ። እኔ በዕለቱ አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ዕድሜ የጠገቡ አባሎቻችንን ቤት ለቤት እየዞርሁ አንድ ነገር ብቻ ስጠይቅ ከረምሁ። ይኸውም «የመጀመሪያ ጠመንጃዎን እንዴት ገዙ?» የሚል ነው። የሰማሁት ነገር ለክርክራችን የሚጠቅም ስለ መሰለኝ እነሆ ጻፍሁት።

አስቀድሜ ጠመንጃ ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ ባጭሩ ላስታውስ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ፣ በሸዋ ጠመንጃ የንጉሥ ዕቃ እንጂ የገበሬ ገንዘብ አልነበረም። በ1833 ዓ.ም. ሐሪስ የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ሸዋ ሲመጣ 300 ጠመንጃ ለንጉሡ ገጸ በረከት አቀረበ። ይህን ያህል ነፍጥ በአንድ ጊዜ መግባቱ ያን ጊዜ ትልቅ ወሬ ነበር። ይሁን እንጂ ነፍጡ ግምጃ ቤት ገባ እንጂ ገበያ አልወጣም።

በምኒልክ ጊዜ ግን በሩ ሰፋ። ከታጁራ ጠረፍ የተነሣው ነጋዴ የአፋርን በረሃ እያቋረጠ ነፍጥ በግመል ወደ ሸዋ ያግዝ ጀመር። በግጥሙ በዓለም የታወቀው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2000 የሚጠጋ ያረጀ ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ደርሶ ነበር። ምኒልክን እንጦጦ ሄዶ አገኛቸው፤ በሒሳቡ ሲጨቃጨቅ ከርሞም ያሰበውን ሳያተርፍ ተመለሰ ይባላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ደግሞ ብዙ ጠመንጃ ከጠላት ተማረከ። ነፍጥ ቀስ በቀስ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የገበሬው ምሰሶ ላይ መሰቀል የጀመረው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

ስሞቹም ከየአገራቸው መጥተው አማርኛ ሆኑ። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር» ተባለ። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው፣ «ውጅግራ» ሆነ። ለበል «ለበን»፣ ማንሊከር «ምንሽር» ተባሉ። ከጠላት ወረራ በፊት መንግሥት ከቤልጅግ ያስመጣው ማውዘር ደግሞ በአገሩ ስም «ቤልጅግ» ተብሎ ቀረ። ጥይት በዚያ ዘመን ውድ ከመሆኑ የተነሣ በአንዳንድ ገበያ እንደ ገንዘብ እየተቆጠረ ዕቃ ይገዛበት ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ራስ አበበ አረጋይና ሌሎችም አርበኞች በሸዋ አምስቱን ዓመት ሲዋጉ፣ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ከእነርሱ ጋር ዱር ገባ። ጠመንጃ የሌለው በዱላና በጎራዴ ገብቶ ጠመንጃውን ከጠላት ማረከ። ከነፃነት በኋላ ይህ ሁሉ መሣሪያ በየቤቱ ቀረ። እኔ ያነጋገርኋቸው ሽማግሌዎች በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የገዙት አብዛኛውን ይኸንኑ ነው።

የመጀመሪያው ባለታሪክ አሁን ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አባታችን ናቸው። «ሻጩ አርበኛ ነበረ» አሉኝ። «ልጁን ሊድር ቸግሮት ነው እንጂ የሚሸጣት ሰው አልነበረም። አንድ ወይፈንና ስድስት በግ ተባባልን። እኔ የሠፈር ሽማግሌ ይዤ ሄድሁ፤ እሱ የሻጭ ዋስ አቆመ። ያለ ዋስ ጠመንጃ መግዛት የሰው ደም መግዛት ነው። ‹ሰው ያልገደለባት፣ ያልተሰረቀች፣ ሙግት የሌለባት› ብሎ ዋሱ ተናገረ። ከዚያ አፈሙዟን ወደ ፀሐይ አዙሬ ውስጧን አየሁ። ዝገት የለም። ቃታዋን ሳብ አድርጌ ድምፅዋን ሰማሁ። ከእሷ ጋር የተሰጠኝ ጥይት አሥራ አንድ ነው። አንዱን ተኩሼ ሞከርሁ። አሥሩን ዝናሬ ላይ ሰክቼ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም አልተኮስሁ።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሳይተኩሱ ለምን ተሸከሟት?» ብላቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ! ጠመንጃ እኮ ለመተኮስ ብቻ አይገዛም። ከዚያ በፊት ሸንጎ ላይ ስናገር ‹ዝም በል አንተ ጎረምሳ› ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋስ ሁን ተባልሁ።»

ሁለተኛው አባታችን ከጓሳ ጥግ ያደጉ ናቸው። ጓሳ በአስቦና በጌራ የቄሮ ሥርዓት ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግታ ትጠበቅ በነበረበት ጊዜ፣ እርሳቸውም ተራቸው ሲደርስ ለጥበቃ ይወጡ ነበር። «ዱላ ይዤ እየወጣሁ አፍር ነበር» አሉኝ። «ጓደኞቼ ጠመንጃ አንግተው እኔ የከብት እረኛ እመስላለሁ።» ስለዚህ የበግ ዋጋና አንድ ባና ይዘው፣ ከአጎታቸው ጋር ገደሉን ወርደው ቆላ ገቡ፤ ምንሽር ገዙ። ሲመለሱ ሌሊቱን ጓሳ ላይ ጉምና ዝናብ ያዛቸው። የለበሱትን ገሳ አውልቀው ጠመንጃዋን ጠቀለሉበት። «እኔ እስከ አጥንቴ ራስሁ፤ እሷ ግን ጠብታ አልነካትም። ሳምንት ሙሉ በትኩሳት ተኛሁ። እናቴ ‹ልጄን ብረት በላብኝ› እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ ግን ትኩሳቱ ውስጥ ሆኜ ቀና እያልሁ ምሰሶው ላይ አያታለሁ።»

ሦስተኛዋ ባለታሪክ ሴት ናቸው። «ጠመንጃ ስለ ገዙ ወንዶች ነው የምትጽፈው? እንግዲያው እኔንም ጻፈኝ» አሉኝ። በክረምቱ ብርድ ከምድጃው ሥር ቁጭ ብለው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ሸማኔ ይሠራዋል፤ ባናው ገበያ ይወጣል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲያጠራቅሙ ኖረው ገንዘቡን ለባላቸው ሰጡ። «የገዛሁት እኔ ነኝ፤ የታጠቀው እሱ ነው» አሉኝ። «በሠርግ ሲፎክርባት እኔ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የፈተልሁት ጠጉር ነው የሚፎክረው፣ እላለሁ በሆዴ።» ከዚህ ንግግራቸው በላይ የምጨምረው ነገር የለኝም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ቤት ልምጣ።

አባቴ ውጅግራውን የገዛው እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። የሸጠው ከጥማዱ አንዱን በሬ ነበር። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ ሁለት ክረምት ሙሉ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረሰ፤ ማለት አንድ በሬ ያለው ከሌላው ባለ አንድ በሬ ጋር እያጣመረ በተራ ማረስ ነው። መቀናጆ ደግሞ ጎረቤት አስቀድሞ ካረሰ በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው። ዝናቡ ሊያመልጥ ይችላል፤ አንድ ጊዜም አመለጠን። በዚያ ዓመት ገብሱ ሳይዝ ቀረና እናቴ የጋብቻ አምባሯን ሸጣ እህል ገዛች።

እናቴ አባቴን አንቱ እያለች ነበር የምትጠራው። ጠመንጃዋን ይዞ በገባ ዕለት የተናገረችው ግን በቤታችን እንደ ተረት ሆኖ ቀርቷል። «ማረሻውም ብረት ነው፤ ይኸም ብረት ነው። አንዱ ያበላናል፣ አንዱ ይበላናል። እርስዎ የሚበላውን ይዘው መጡ» አለችው። አባቴም መልስ አልሰጣትም አሉ። ምሰሶው ላይ ሰቀላትና ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ።

በኋላ ግን እናቴም ራሷ እንግዳ ሲመጣ ጠመንጃዋ ወደምትታይበት ወገን ታስቀምጥ ነበር። ሞራ አለስልሳ ብረቷን የምታሸውም እሷ ነበረች። ሰው እንዲህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ርስቱም ቄሮውም ቀረ። አባቴ የታጠቀለት ሸንጎ ተበተነ። ጠመንጃዋ ግን በስሙ ተመዝግባ ቤታችን ቆየች። አባቴ በ1979 ዓ.ም. ሲሞት ለቅሶው ላይ በቅሎው ተሸልሞ ወጣ። ካባውና ዝናሩ በላዩ ተደረገ። ጠመንጃዋን ታላቅ ወንድሜ አፈሙዟን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይዞ በለቀስተኛው መካከል ዞረ። አንድ ጥይት እንኳ አልተተኮሰም። ዝናሩ ላይ የቀረችው አራት ጥይት ብቻ ነበረችና «ለልጆቹ ትቅር» ተባለ። ለቅሶው ግን እስከ ዛሬ የሚወራለት ለቅሶ ነው።

የሚያሳዝነው ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። አርባው ሳይወጣ ወንድሜና እኔ በጠመንጃዋ ተጣላን። እሱ «የበኩር ነው» አለ፤ እኔ «አባቴን እስከ መጨረሻው የጦርሁት እኔ ነኝ» አልሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሰላምታ አልተባባልንም። በመጨረሻ እናቴ ሽማግሌ አስቀምጣ ሁለታችንን አስጠራችና፣ «አባታችሁ በሬ ሸጦበታል። እናንተ ደግሞ ወንድማማችነት ልትሸጡበት ነው?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጠመንጃዋን ለወንድሜ ተውሁለት። የዚያ ዓመት ከመንፈቅ ነገር ግን እስካሁን ይቆጨኛል፤ ወንድሜም ዛሬ በሕይወት የለም።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን ልመለስ።

«ተኩስ የአባቶቻችን ወግ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ለጀግና ይተኮስ ነበር። ነገር ግን አባቶቻችን እንዴት ይተኩሱ እንደ ነበር እንመልከት። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። ጥይቱም ገንዘብ ነው፤ አሥር ጥይት ያለው ሰው ሰባት ዓመት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለቀብር አንድ ጥይት የተኮሰ ሰው ከገንዘቡ ቆርሶ ነው ለሟቹ የሰጠው። ክብሩ ያለው ድምፁ ላይ ሳይሆን ስጦታው ላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ክላሽንኮቭ በየገበያው ከፈሰሰ ወዲህ ነው በአንድ ትንፋሽ ሠላሳ ጥይት ወደ ሰማይ መልቀቅ የተጀመረው። ይኸ የአባቶቻችን ወግ አይደለም፤ ከእኛው ዕድሜ ያነሰ ነገር ነው። ሌላ ቦታ በሄድሁበት ቀብር ላይ ለክብር የተተኮሰ ጥይት ወርዶ የአንዲት ልጅ ትከሻ ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ተርፋለች፤ ክንዷ ግን እንደ ቀድሞው አይነሣም። የዚያን ዕለት ሟቹን ረስተን ሁላችንም ወደ ልጅቷ ሮጥን።

ዛሬም ጠመንጃ መግዛት አልቀረም። ከ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ፣ ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ በመጣ ጊዜ፣ ብዙ ጎረምሳ በሬውንና በጉን ሸጦ መሣሪያ እንደ ገዛ የምናውቀው ነው። ምክንያቱን አልነቅፍም፤ የፈራ ሰው ቤቱን ይጠብቃል። ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላልና ባለ መሣሪያ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል። እኔ ለልጆቻችን የምለው ግን አንድ ነገር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ለእርሻው ስንት በሬ እንደሚቀር ቁጠሩ፤ የቤታችሁንም ሴት አማክሩ። እናቴ ያለችውን አስታውሱ።

ለመጪው ጉባኤ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በእድራችን ቀብር ላይ ተኩስ ይቅር። የሟቹ ጠመንጃ ግን፣ በሕግ የተያዘ ከሆነ፣ ጥይቱ ወጥቶ እንደ ጥንቱ ተዘቅዝቆ ለቅሶው ላይ ይታይለት። በዚህ ክብሩ አይጎድልም።

ሁለተኛ፣ ለጥይት ሊወጣ የነበረው ገንዘብ በሟቹ ስም ለሐዘንተኛው ቤት ይሰጥ። ድሮም የተኩሱ ትርጉም ይኸው ነበርና።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ ያለው አባል ሁሉ ማን እንደሚወርሰው በሕይወት ሳለ ለልጆቹ በሽማግሌ ፊት ይናገር። እኔና ወንድሜ ያሳለፍነውን ሌላው እንዳያሳልፍ።

ታሪካቸውን ለነገሩኝ አባቶችና እናት ዕድሜና ጤና እለምናለሁ። ከእነርሱ መካከል አንደኛው ይህ ጽሑፍ ሳይታተም ዐርፈዋል። በቀብራቸው ዕለት ምሰሶው ላይ ያለችውን ጠመንጃ ዓይቻታለሁ፤ ገሳው ዛሬም ከጎኗ ተሰቅሏል። ነፍሳቸውን ይማር።