ምግብ ለማድረስ ሥራ የተሰማራ መኪና ለምን ቶሎ ያረጃል?

በከተሞቻችን ምግብና የምግብ ግብዓት ከቦታ ቦታ ማድረስ ራሱን የቻለ የሥራ መስክ እየሆነ መጥቷል። ከጋጋሪዎች ቤት እንጀራ ተረክቦ ለሆቴልና ለምግብ ቤት የሚያከፋፍለው፣ ከከተማ ዳር ካሉ አርሶ አደሮች ወተት አሰባስቦ በማለዳ ለደንበኛ የሚያደርሰው፣ በስልክ የታዘዘ ምሳ ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚዞረው ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ መተዳደሪያቸው ያረፈው በአንድ ትንሽ መኪና ላይ ነው። ብዙዎቹም መኪናውን የገዙት ለቤት አገልግሎት ነበር፤ ሥራው የመጣው በኋላ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሥራ ያተርፋል? በየምሽቱ ከተሰበሰበው ገንዘብ የነዳጁን ወጪ ቀንሶ የቀረውን ትርፍ ብሎ ወደ ኪሱ የሚያስገባ አሽከርካሪ ጥቂት አይደለም። ሂሳቡ ግን ጎዶሎ ነው። ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ ፍሪሲዮኑና የሞተሩ ዕድሜ በየኪሎ ሜትሩ እያለቁ ነው፤ ማለቃቸው ግን በዚያው ዕለት ደረሰኝ ሆኖ አይመጣም። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ጋራዥ ደጃፍ ላይ በአንድ ጊዜ ተጠራቅሞ ይመጣል። አርሶ አደሩ ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ጎተራው የሞላ መስሎት ለዘር ያስቀመጠውን እህል ጭምር የበላ ሰው ጉድለቱ የሚታየው ሰኔ ሲገባ ነው።

አንድ መኪና ከባሕር ዳር ጎንደር ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ትንፋሽ ሊሄድ ይችላል። ሌላው መኪና ይህንኑ ርቀት በከተማ ውስጥ በሦስት ቀን፣ መቶ ጊዜ ቆሞ መቶ ጊዜ ተነሥቶ ይጨርሰዋል። በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በሞተሩ ላይ ግን አይደሉም። ሞተር ከምንም በላይ የሚፋቀው ቀዝቅዞ ቆይቶ ሲነሣ ነው። በዚያች ቅጽበት ዘይቱ ወደ ሥር ወርዶ ተኝቷል፤ ብረቱ ከብረት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሁሉ እስኪያዳርስ ድረስ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ። ሞተሩ የሚፈለገውን ሙቀት ለማግኘት ደግሞ አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ መሄድ አለበት። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚጠፋ መኪና እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይውላል።

ይህ በዘይቱ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይፈጥራል። አብዛኛው በማርሚታ በኩል ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ይህ እርጥበት ተንኖ ይወጣል። ካልሞቀ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ጨምሮ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፤ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ውሎ አድሮም ወደ ጭቃነት ይለውጠዋል። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ቅባት ከታየ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት የራዲያተር ውኃ ወደ ዘይቱ መግባቱ ሊሆን ስለሚችል የራዲያተሩ ውኃ በአንድ ላይ እየጎደለ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ለመካኒክ ማሳየት ይገባል።

የመኪና አምራቾች ከመኪናው ጋር የሚሰጡት መመሪያ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት የጥገና መርሐ ግብር ይዟል፤ አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው ለከባድ አገልግሎት። ከባድ አገልግሎት ሲባል ጭነት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን አጭር ጉዞ መደጋገም፣ ሞተር ሳያጠፉ መቆም፣ አቧራማ መንገድና ከደጅ ወደ ደጅ ዕቃ ማድረስ ሁሉም ከዚሁ ይመደባሉ። በዚህ አገልግሎት ላይ ያለ መኪና ዘይት የሚለወጥበት ርቀት ብዙ ጊዜ በግማሽ ያንሳል፤ 10,000 ኪሎ ሜትር የተባለው 5,000 ይሆናል ማለት ነው። ሞተሩን ሳያጠፉ ደንበኛ መጠበቅም በቆጣሪው ላይ የማይመዘገብ ጉዞ ነው። ትንሽ መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ነዳጅ ይጨርሳል፤ አንድ ሰዓት እንዲህ መቆምን በሞተሩ ድካም ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ጋር የሚያስተካክሉ አምራቾችም አሉ።

የደጋው አየር የራሱ ጣጣ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ በቆላ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት በደጋ ሁለተኛን ይጠይቃል። ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚሻው ግን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ በባሕር ዳር በ94፣ በደብረ ብርሃን በ91 ዲግሪ ገደማ። የራዲያተሩ ክዳን ውኃውን አፍኖ በመያዝ ከዚህ በላይ ሞቆም እንዳይፈላ ያደርገዋል። ጎሚኒው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ይህን ማድረግ ስለማይችል በረጅም ዳገትና በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ውኃው ፈልቶ ይገነፍላል። በትንሽ ገንዘብ የሚለወጥ ክዳን ተንቆ ቴስታታ ሲጣመም ማየት የጋራዥ ሰዎች የለመዱት ነገር ነው።

ፍሬንና ፍሪሲዮን የዚህ ሥራ ቀዳሚ ተጎጂዎች ናቸው። በነገራችን ላይ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ጎሚስታ የምንላቸው የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ መለዋወጫው ዛሬ ከየትም ይምጣ ስማቸው ግን እንዳለ ቀርቷል። ፍሬን የሚሠራው የመኪናውን ግስጋሴ ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው፤ ሙቀቱም ከፍጥነቱ በላይ ያድጋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድን መኪና ማቆም 20 የሚሄደውን ከማቆም ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሙቀት ይፈጥራል። ስለዚህ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ብሎ በሁለት መገንጠያዎች መካከል ተፈትልኮ በኃይል የሚያቆም አሽከርካሪ የሚያተርፈው ጥቂት ሰከንድ፣ የሚከፍለው ደግሞ ሸራ ነው። ቁልቁለት ላይም እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ መውረድ ሸራውን ከማቃጠሉም በላይ የፍሬን ዘይቱን እስከማፍላት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ሲረገጥ ባዶ ይሆናል። እንደ ደሴ ባሉ ዳገትና ቁልቁለት በበዙባቸው ከተሞች ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ መለመድ አለበት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው ባይጎድልም በሁለት ዓመት ገደማ ሊለወጥ ይገባል።

ፍሪሲዮንን የሚጨርሰው ደግሞ ርቀት ሳይሆን ልማድ ነው። ዳገት ላይ መኪናውን በእጅ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቅቆ ማንሳፈፍ፣ በትራፊክ መካከል እግርን ከፔዳሉ አለማንሣት፣ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት ሸራውን ይበላሉ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተፈናጠረ፣ ዳገት ላይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ፍሪሲዮኑ ማለቁን ተናግሯል።

የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ወይም ኮብልስቶን ለእግረኛው ከጭቃ መገላገያ ነው፤ ለመኪና ግን በየሜትሩ ትንንሽ መዶሻ ነው። ምቱን የሚቀበሉት አሞርዛተሩ፣ ጎሚኒዎቹ፣ ቦል ጆይንቱና የመሪው ጫፎች ናቸው። እነዚህ ሲላሉ መጀመሪያ የሚናገረው ጎማው ነው፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ የእግሩ አሰላለፍ ተዛብቷል፣ ሁለቱ ዳሮች ከተበሉ ነፋሱ አንሷል፣ መካከሉ ከተበላ ነፋሱ በዝቷል። የጎማ ነፋስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ መለካት ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው። በበጋ ደግሞ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ስለሚታፈን ሞተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ፊልትሮውን አራግፎ መመለስ ለጊዜው ይበጃል እንጂ ለዘለቄታው መለወጡ አይቀርም።

ባትሪና ሞተሪኖ በቀን አርባና ሃምሳ ጊዜ ሲጠሩ ከተለመደው ዕድሜያቸው በፊት ይደክማሉ፤ አጭሩ ጉዞም ዲናሞው የወጣውን ኃይል መልሶ እንዲሞላ ጊዜ አይሰጠውም። የሾፌሩ በር ማጠፊያና እጀታ፣ የወንበሩ ዳር፣ የደኅንነት ቀበቶው ማስገቢያም እንዲሁ። እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ በር የማይዘጋለት መኪና ግን ሥራ አይውልም።

የተጫነው ነገር ራሱ መኪና ይጎዳል። የፈሰሰ ወተት ምንጣፍ ሥር ገብቶ ሲኮመጥጥ ሽታው ከመክረሙ በተጨማሪ አሲድነቱና እርጥበቱ ብረቱን ከሥር ያዝገዋል፤ የጨው ውኃና የወጥ ቅባትም እንዲሁ። በዕቃ መጫኛው ላይ የሚታጠብ የጎማ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ምግቡንም ሙቀት በሚይዝ ክዳን ባለው ሣጥን ማድረግ ለመኪናውም ለተመጋቢውም ይበጃል። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ በቅዝቃዜ የሚቆይ ደግሞ ከ5 ዲግሪ በታች ሆኖ መጓጓዝ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ማርሚታው የተበሳ መኪና ሽታ የሌለውን መርዛማ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ወደ ውስጥ ሊያስገባ ስለሚችል አሽከርካሪው ራስ ምታትና ማጥወልወል ከተሰማው መስኮት ከፍቶ መኪናውን ማቆምና ማርሚታውን ማስፈተሽ አለበት።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንመለስ። ዋጋ ከከተማ ከተማና ከወር ወር ስለሚለያይ የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው በራሱ ደረሰኝ ይተካቸው። አራት ጎማ በ40,000 ብር ተገዝቶ 40,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኪሎ ሜትር 1 ብር ነው። ዘይትና ፊልትሮ በ6,000 ብር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢለወጥ 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። የፍሬን ሸራ በ6,000 ብር 20,000 ኪሎ ሜትር ከቆየ 30 ሳንቲም፣ ፍሪሲዮን በ24,000 ብር 60,000 ኪሎ ሜትር ከቆየ 40 ሳንቲም። ድምሩ በኪሎ ሜትር 2 ብር ከ90 ሳንቲም ነው። በቀን 60 ኪሎ ሜትር የሚሠራ፣ በወር 26 ቀን የሚወጣ መኪና 1,560 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ በወር 4,524 ብር፣ በቀን 174 ብር ያለ ነዳጅ እየወጣበት ነው። ባትሪ፣ አሞርዛተርና የመካኒክ የእጅ ዋጋ ገና አልተቆጠሩም።

የመኪናው ዋጋ መውረድም አለ። በአገራችን የመኪና ዋጋ በብር ሲታይ ከዓመት ዓመት የሚጨምርበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ባለቤቱ መኪናው ያላረጀ ይመስለዋል። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ግን የተገዛበት ዋጋ አይደለም፤ በዚያው ዓመተ ምሕረት የተሠራ፣ ከቤት ቢሮ ብቻ ሲመላለስ የኖረ ተመሳሳይ መኪና ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሥራው የበላው ነው። የሚደረሰው ምግብ ዋጋ ሲተመን ይህም አብሮ ካልታሰበ አድራሹ ለደንበኛው ከመኪናው እየቆረሰ እየሰጠ ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ፊታቸውን ያዞሩ አድራሾችም አሉ። በእርግጥ መቆምና መነሣት የበዛበት ሥራ ለኤሌክትሪክ መኪና ይስማማዋል፤ የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን የለውም፣ ሲያቆምም ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ሸራው ይቆያል። በአንጻሩ ከባትሪው የተነሣ ክብደቱ ስለሚያይል ጎማና የእግር ክፍሎች ቶሎ ሊያልቁበት ይችላሉ። በሞተር ብስክሌት የሚሠሩ ደግሞ ሰንሰለቱን በየ500 እና 1,000 ኪሎ ሜትሩ መካከል ማጽዳትና ዘይት መቀባት አለባቸው፤ በክረምት ጭቃ ከዚያም ይፈጥናል።

መድንን በተመለከተ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በአገራችን የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ለቤት አገልግሎት ተብሎ ውል የተገባለት መኪና በክፍያ ዕቃ ሲያደርስ አደጋ ቢደርስበት የካሣ ጥያቄው አከራካሪ ሊሆን ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአገልግሎቱን ለውጥ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ከቆጣሪው ይልቅ ሌላ ቦታ ይመልከት። ቆጣሪው 60,000 እያለ የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ የሾፌሩ ወንበር የበር በኩል ዳር ከተቀዳደደ፣ የሾፌሩ በር ከሌሎቹ ይልቅ ከተንጠለጠለ መኪናው ብዙ ደጅ ሲያንኳኳ የኖረ ነው። የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጦ ዝገትና የኮመጠጠ ሽታ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ሞተሩንም በማለዳ፣ ሻጩ አስቀድሞ ሳያሞቀው፣ ራሱ አስነሥቶ ይስማ።