ፈሳሽ ናይትሮጅንና የኮምፒዩተር ፍጥነት ታሪክ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ለቀጥቃጭ እውነት ነው። ዛሬ በየቢሮውና በየቤቱ ለሚሠራው ኮምፒዩተር ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ እርሱ በጋለ መጠን ይደክማል፣ በቀዘቀዘ መጠን ይበረታል። ስለዚህ ብርድ ለፍጥነት እንዴት መሣሪያ እንደ ሆነ፣ እስከ የት እንዳደረሰና ከየት ላይ እንደ ቆመ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ታሪኩን ባጭሩ ልንጽፍ አሰብን። በጽሑፋችን ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የታሪኩ መነሻ ኮምፒዩተር ሳይሆን አየር ነው። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከመቶ 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ይህን ጋዝ በ1772 በኤዲንበርግ ከተማ ለይቶ ያወቀው ዳንኤል ራዘርፎርድ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነበር። በ1823 እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ክሎሪንን በግፊት ወደ ፈሳሽነት ለወጠ፤ ሌሎችንም ጋዞች አከታትሎ ሞከረ። ይሁን እንጂ ናይትሮጅን፣ ኦክሲጅን፣ ሃይድሮጅንና ሌሎች ጥቂት ጋዞች ምንም ቢጨመቁ እምቢ ስላሉ «ቋሚ ጋዞች» የሚል ስም ወጣላቸው።

ምክንያቱ ኋላ ተገለጠ። ግፊት ብቻውን አይበቃም፤ ጋዙ አስቀድሞ ከአንድ ከተወሰነ መጠን በታች መቀዝቀዝ አለበት። ለናይትሮጅን ይህ መጠን ከዜሮ በታች 147 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ1877 ሉዊ ካዬቴ በፈረንሳይ፣ ራውል ፒክቴ በጄኔቫ ኦክሲጅንን ፈሳሽ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። በ1883 ደግሞ በክራኮው ከተማ ቭሩብሌቭስኪና ኦልሼቭስኪ የተባሉ ሁለት የፖላንድ ሊቃውንት ኦክሲጅንንና ናይትሮጅንን በመያዣ ውስጥ ረግተው የሚታዩ ፈሳሾች አደረጓቸው። ጄምስ ዴዋር በ1892 በለንደን በሁለት ግድግዳዎቹ መካከል አየር የሌለበት መያዣ ሠራ፤ በየቤታችን ሻይ የምናኖርበት ፔርሙዝ የዚሁ ልጅ ነው። በ1895 ካርል ፎን ሊንደ በጀርመን አገር አየርን በብዛት ፈሳሽ የሚያደርግ መኪና አቆመ። ከዚያ ወዲህ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ናይትሮጅን የፋብሪካ ሸቀጥ ሆነ።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። የኮምፒዩተር አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ትራንዚስተር በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች የተሞላ ነው። እነዚህም ከበሮ እንደሚከተል ጭፈራ በአንድ የሰዓት ምት አብረው ይሠራሉ። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ ምቱም በሰከንድ 740,000 ነበረ። በመጋቢት 2000 ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምት፣ ማለት 1 ጊጋ ሄርዝ የሚመታ ፕሮሰሰር አወጣ፤ ኢንቴልም በሁለት ቀን ልዩነት ተከተለው። ይህ በ29 ዓመት ውስጥ ከ1,300 ጊዜ በላይ የበለጠ ፍጥነት ነው።

ነገር ግን እያንዳንዱ ምት ሙቀት ይወልዳል። ምቱ ሲጨምር ሙቀቱ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ፈጣን ምት ደግሞ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ ሙቀቱም በቮልቴጁ ስኩዌር ያድጋል። ቮልቴጁ ከመቶ 20 እጅ፣ ምቱ ከመቶ 50 እጅ ቢጨመር ሙቀቱ ከእጥፍ ያልፋል። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ለፕሮሰሰሩ የሚወስኑለት ምት ከዐቅሙ ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ይህን ትርፍ ዐቅም ፈልገው የሚያወጡ ሰዎች ተነሡ። በ1998 የወጣውን ባለ 300 ሜጋ ሄርዝ ሴሌሮን ብዙዎች በተራ ማራገቢያ ብቻ እያቀዘቀዙ በ450 አስሮጡት።

ከዚህ የበለጠ የፈለገ ወደ ናይትሮጅን መሄድ ነበረበት። መንገዱን አስቀድሞ ያሳየው በ1987 በአሜሪካ በሚኒሶታ የተሠራው ኢቲኤ 10 የተባለው ታላቅ ኮምፒዩተር ነው። ፕሮሰሰሮቹ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክረው ይሠሩ ነበር፤ ብርዱም ፍጥነታቸውን ወደ እጥፍ ያህል አደረሰው። ሆኖም ገበያው አልቀናውምና ድርጅቱ በ1989 ተዘጋ።

የፍጥነት ተወዳዳሪዎች ዘዴ ከዚህ የቀለለ ነው። በፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ የመዳብ ጽዋ ያስቀምጡና ፈሳሹን ያንቆረቁሩበታል። በእንስራ ላይ የወዛው ውሃ ሲተን በውስጡ ያለውን እንደሚያቀዘቅዝ፣ ናይትሮጅኑም እየፈላ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በብርድ ጊዜ የሽቦዎቹ እንቅፋት ይቀንሳል፣ በከንቱ የሚያፈተልከውም ኤሌክትሪክ ይመናመናል። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ግን በዙሪያው አመዳይ ሆኖ ስለሚረጋ፣ ቀልጦም መሣሪያውን እንዳያቃጥል በቫዝሊንና በመሳሰለው ይሸፍኑታል። አንዳንዱ ፕሮሰሰር ደግሞ ብርዱ ሲበዛበት ፈጽሞ ይቆማል፤ ስለዚህ ቀጂው ዐይኑን ከቴርሞሜትሩ አያነሣም።

በ2003 መጨረሻ ላይ አንድ ፔንቲየም 4 በናይትሮጅን ኀይል ከ5 ጊጋ ሄርዝ አለፈ። በነሐሴ 2011 በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ ከናይትሮጅንም በሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ሂሊየም 8.429 ጊጋ ሄርዝ ተመዘገበ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በዚያው በሂሊየም 9.008 ጊጋ ሄርዝ ተደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ክብረ ወሰኑ በጥቂቱ ከፍ ብሏል።

እነዚህን ቁጥሮች አስተያይተን እንመልከታቸው። ከ1971 እስከ 2000 ፍጥነቱ ከ1,300 ጊዜ በላይ አደገ፤ ከ2011 እስከ 2022 ግን ያን ሁሉ ብርድ አፍስሰው የጨመሩት ከመቶ 7 እጅ ያህል ብቻ ነው። ያውም ለጥቂት ጊዜ፣ ቁጥሩ እስኪመዘገብ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜም የፕሮሰሰሩ ክፍሎች በከፊል ተዘግተው ነው። ኢንቴል ራሱ በጥቅምት 2004 ባለ 4 ጊጋ ሄርዙን ፔንቲየም 4 ለገበያ የማውጣት ሐሳቡን ተወ። ተወዳዳሪው ለደቂቃ 5ን ሲያልፍ፣ ሠሪው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ 4ን ለመሸጥ አልቻለም ማለት ነው። በ2005 ኢንቴልና ኤኤምዲ ለተራው ሰው ኮምፒዩተር ኮር የሚባሉ ሁለት የማስሊያ ክፍሎች ያሉትን ፕሮሰሰር አቀረቡ። ነገሩ እንደ ደቦ ነው፤ አንዱን ገበሬ ከዐቅሙ በላይ ከማስሮጥ ጎረቤት መጥራት ይሻላል። እርግጥ ሁሉም ሥራ ለደቦ አይመችም፤ እያንዳንዱ እርምጃ የፊተኛውን ውጤት የሚጠብቅበት ሥራ ዛሬም ፈጣን ነጠላ ኮር ይፈልጋል።

ወላጆችና ተማሪዎች ይህን ደግሞ እንዲያውቁ ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክሲጅኑን ያሳንሰዋል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይወድቃል፣ ይሞታልም። በተደፈነ ዕቃ ቢያኖሩት ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ ገላን ቢነካ እንደ እሳት ይጎዳል። ስለዚህ ያለ ዐዋቂ መሪና ያለ በቂ ነፋሻ ስፍራ ሊሞከር አይገባም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የተረዳነው ይህን ነው። «ቋሚ» የተባሉት ጋዞች የተሸነፉት ግፊት ስለ በዛባቸው ሳይሆን ምክንያታቸው ስለ ታወቀ ነው። የኮምፒዩተሩም ፍጥነት ከሙቀት ግድግዳ ጋር ሲጋጠም ብርዱ ግድግዳውን ጥቂት ወደ ኋላ ገፋው እንጂ አላፈረሰውም፤ የቆመበትን ስፍራ ግን በቁጥር አሳየን። እኛም ተማሪዎች በየትምህርታችን እንቅፋት ሲገጥመን ጉልበት ከመጨመራችን በፊት ምክንያቱን እንመርምር፤ የቀናው መንገድ ሲዘጋም ሌላውን ለመፈለግ አንሰልች።