ሁለት ጊዜ የተሸሸገው ጳጳስ

እ.ኤ.አ. በ250 ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ በሮም ግዛት የሚኖር ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ እምቢ ያለ ይታሰራል፣ ንብረቱ ይወረሳል፣ አንዳንዱም ይሞታል። የሮሙ ጳጳስ ፋቢያኖስ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሞተ። በዛሬዋ ቱኒዚያ ምድር በነበረችው በቅርጣግና ደግሞ ሕዝቡ የከተማዋን ጳጳስ ለአንበሳ ስጡልን እያለ ይጮህ ነበር። ጳጳሱ ግን አልተገኘም። ተሸሽጓል።

ይህ ሰው ቆጵርያኖስ ነው። (መስከረም 21 ከዮስቴና ጋር ከሚታሰበው፣ ቀድሞ ጠንቋይ ከነበረው ቆጵርያኖስ ጋር ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። እዚህ የሚነሣው የቅርጣግናው ነው።) የንግግር ጥበብ መምህርና ባለጸጋ ነበር፤ ከተጠመቀ ገና ጥቂት ዓመታት ቢሆኑትም ሕዝቡ ወዶ ሾሞታል። ከተሸሸገበት ሆኖ በደብዳቤ ቤተ ክርስቲያኑን ያስተዳድር ነበር። ቢሆንም ሐሜቱ አልቀረለትም። የሮም ካህናት ወደ ቅርጣግና በላኩት ደብዳቤ በጎቹን ጥሎ የሚሸሸውን ምንደኛ እረኛ ጠቀስ አድርገው አለፉ። ለማን እንደተባለ ሁሉም ገብቶታል። እርሱ ደግሞ የሸሸሁት እኔ ከታየሁ ሁከቱ በሕዝቡ ላይ ስለሚብስ ነው ሲል መለሰ። ፈርቶ ይሁን አስቦ፣ በዚያ ዓመት ማንም በእርግጠኝነት ሊፈርድ አይችልም ነበር።

ስደቱ ጋብ ሲል ወረርሽኝ መጣ። በኋላ የጻፉ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በግብፅ በኩል ዓለምን አዳረሰ ይላሉ፤ እነርሱ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ስለሆነ ነገሩን እንደ እርግጥ መያዝ አይገባም። የበሽታውን ምልክት በዝርዝር ያስቀመጠው ራሱ ቆጵርያኖስ ነው፦ አቅም የሚያሳጣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ደም የለበሰ ዓይን፣ እግር እስከ ማስቆረጥ የሚደርስ መበስበስ። ዲያቆኑ ጶንጥዮስ እንደሚተርከው ሰው የገዛ ዘመዱን ከቤት እያወጣ ይጥል ነበር፤ ሬሳ በየመንገዱ ተከምሯል።

ያ የሸሸው ጳጳስ በዚህ ጊዜ አልሸሸም። ምእመናኑን ሰብስቦ የራስን ወገን ብቻ መርዳት አረማዊም የሚያደርገው ነው አላቸው። ያለው ገንዘቡን፣ የሌለው ጉልበቱን እንዲያዋጣ ሥራ ተከፋፈሉ፤ ትናንት ለአንበሳ ስጡት ያሉትም ሳይቀሩ ተረዱ። እርግጥ ይህን የሚነግረን የገዛ ዲያቆኑ ነው፤ ወዳጅ ስለ ወዳጁ ሲጽፍ ያሳምራል። የእስክንድርያው ዲዮናስዮስም ስለ ራሱ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል፤ እርሱም ጳጳስ ነው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የክርስትና ጠላት የነበረው ንጉሥ ዩልያኖስ፣ እነዚህ ሰዎች ከራሳቸው ድሆች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ ብሎ ተማርሯል። የጠላት ምስክርነት ይበልጥ ይታመናል።

ቆጵርያኖስ በዚያ ሰሞን ስለ ሞት አንድ ድርሳን ጻፈ። ሰዎቹ እንዲህ ይሉ ነበር፦ ክርስቲያን ሆነን ሳለ ለምን እንደ አረማዊው እንሞታለን? ሌላው ደግሞ፣ ለሰማዕትነት ተዘጋጅቼ ሳለ በተቅማጥ ልሙት? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሊያስቅ ይችላል፤ ለጠያቂዎቹ ግን የምር ነበር። ሰማዕትነት ስጦታ ነው፣ እግዚአብሔር የሚፈልገው ደማችሁን ሳይሆን እምነታችሁን ነው ሲል መለሰላቸው። ስለ አንድ ጳጳስም ያወሳል፦ ሊሞት ሲል ዕድሜ እንዲጨመርለት ለመነ፤ አንድ ግርማ ያለው ወጣት በራእይ ቆሞ፣ መከራውን ትፈራላችሁ፣ መሄዱንም አትወዱም፣ ታዲያ ምን ላድርጋችሁ አለው። ቆጵርያኖስ ይህን ሲጽፍ የራሱን ሽሽት ሳያስታውስ አይቀርም።

ከዚያ አለፍ ብሎ እነርሱ በሰማይ ነጭ ለብሰው ሳለ እናንተ እዚህ ጥቁር አትልበሱ ይላል። እዚህ ላይ ከበደ። ጳውሎስ ተሰሎንቄዎችን ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አላላቸውም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የዚያው የአፍሪካ ልጅ አውግስጢኖስ በ387 እናቱ ሞኒካ ስትሞት በቀብሩ ላይ እንባውን ታግሎ ያዘ፤ በኋላ ብቻውን ሲሆን ግን አለቀሰላት። ጥቁር ለብሶ ዓመት ለሚቀመጥ፣ ድንኳን ጥሎ ለቀስተኛ ለሚቀበል የኛ ሰው የአውግስጢኖስ እንባ ከቆጵርያኖስ ምክር ይልቅ ይቀርበዋል።

በ257 ንጉሥ ቫሌሪያኖስ ስደቱን መልሶ አስነሣ፤ ቆጵርያኖስም ኩሩቢስ ወደምትባል ከተማ ተጋዘ። በዓመቱ ተመልሶ በአትክልት ቦታው ሳለ ዑቲካ ወስደው ሊገድሉት መሆኑን ሰማ። አሁንም ተሸሸገ። ምክንያቱን በደብዳቤ ገልጿል፦ ጳጳስ መሞት ያለበት በሕዝቡ መካከል ነው፣ ሌላ ከተማ አልሞትም። አገረ ገዢው ወደ ቅርጣግና ሲመለስ እርሱም ወጥቶ ተገኘ።

መስከረም 14 ቀን 258 ችሎት ቆመ። ፈራጁ ጋሌሪዮስ ማክሲሞስ ራሱ ታሞ ነበርና ፍርዱን የተናገረው እየከበደው ነው። በሰይፍ ይሙት ሲባል ቆጵርያኖስ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ሕዝቡ እኛም ከእርሱ ጋር እንሙት እያለ ተከተለው። ከስፍራው ሲደርስ ካባውን አወለቀ፣ ለገዳዩ 25 የወርቅ ሳንቲም እንዲሰጥ አዘዘ፣ ዓይኑንም በገዛ እጁ ሸፈነ። ምእመናኑ ፊቱ ጨርቅ አነጠፉ። ሌሊት በሻማና በችቦ ወስደው ቀበሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ አገረ ገዢው ጋሌሪዮስም በሕመሙ ሞተ።