ባንግላዴሽ 1,700 መድኃኒቶችን ያገደችበት ሰኔ

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1982 ነው። ባንግላዴሽ ነፃ ከወጣች ገና 11 ዓመቷ። በገጠር ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ፤ የከተማው መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ግን ኃይል ይሰጣሉ በሚባሉ ሽሮፖችና በቫይታሚን ቅልቅሎች ተጨናንቋል። አብዛኛውን ገበያ የያዙት ስምንት የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። ርካሹና የሚያድነው መድኃኒት ትርፉ ትንሽ ስለሆነ ለሐኪም የሚያስተዋውቀው ወኪል አልነበረውም።

በዚያው ዓመት መጋቢት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ኤርሻድ፣ በፕሮፌሰር ኑሩል ኢስላም የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ። በነፃነቱ ጦርነት የመስክ ሆስፒታል ካቋቋሙት አንዱ የሆኑት ዶክተር ዛፍሩላህ ቾውዱሪም አባል ነበሩ። ሰኔ ላይ አዋጅ ወጣ። 1,700 ገደማ ምርቶች ጎጂ ወይም የማይጠቅሙ ተብለው ታገዱ፤ 150 መሠረታዊ መድኃኒቶች ተለዩ። ቫይታሚንና የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ማምረት ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተተወ።

የአሜሪካ ኤምባሲ አዋጁ እንዲዘገይ ወተወተ። መንግሥት ጥቂት ነጥቦችን ቢያለዝብም ዋናውን አልለቀቀም።

ውጤቱ ዛሬ ይታያል። አገሪቱ ከሚያስፈልጋት መድኃኒት 97 በመቶ ያህሉን ራሷ ታመርታለች፤ ለውጭ ገበያም ትሸጣለች።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። በ1990ዎቹ የዋጋ ቁጥጥሩ ላላ። የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ወኪሎችም ናሙናና ስጦታ ይዘው በሐኪሞች በር ተሰለፉ። ሻጩ የአገር ልጅ ሆነ፤ የአሻሻጡ ዘዴ ግን ያው የድሮው ነው። አንድ አዋጅ ፋብሪካ ሊያስተክል ይችላል፤ የሐኪሙን እስክሪብቶ ከስጦታ ለመጠበቅ ግን በየቀኑ የሚሠራ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል።