የጁገል በሮች ምን ይነግሩናል?

ስለ ሐረር ከተማ ሲወሳ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ግንቡን ነው። ግንቡም ሊወሳ ይገባዋል፤ ነገር ግን የከተማይቱን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ከግንቡ ይልቅ በሮቹ ይናገራሉ። ግንብ የሚነግረን ማን እንዳይገባ እንደ ተፈለገ ነው፤ በር ግን ማን እንደ ገባና ከገባም በኋላ እንዴት እንደ ኖረ ያስረዳናል። ስለዚህ አንባቢዬ ለጥቂት ጊዜ በጁገል ውስጥ አብሮኝ ይዘዋወር ዘንድ እለምናለሁ።

ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸው ይነገራል። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ የጥንት በሮቹ 5 ናቸው። እነርሱም በአማርኛ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ሐረሪዎች ግን በራሳቸው ቋንቋ አስማዲን በሪ፥ በድሪ በሪ፥ ሱቁጣጥ በሪ፥ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ይሏቸዋል። አንዱ በር በሁለት ስም መጠራቱ ራሱ ታሪክ አይደለምን?

በእነዚህ በሮች ነጋዴም ጦረኛም ገብቷል። በ1868 ዓ.ም. የግብጽ ጦር ገብቶ እስከ 1877 ዓ.ም. ቆየ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ምኒልክ፥ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማይቱን ያዙ።

አሁን ወደ ጠባቡ መንገድ እንግባ። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ፊቱን ለመንገደኛ አያሳይም። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው በኖራ የተቀባ የግቢ አጥርና ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ በር ብቻ ነው። በሩን አልፎ ወደ ቤቱ የገባ እንግዳ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦችን ያገኛል፤ እነርሱም ነደባ ይባላሉ። የአባወራው መቀመጫ የሚገባውንና የሚወጣውን ለማየት እንዲመች ሆኖ የተሠራ ነው። በበሩ አናት ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ቢታይ በዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። መደቡ የሚቀባው ቀይ አፈርም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ሲሉ ይሰማል። እንግዲህ በዚህ ቤት ሐዘንና ደስታ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው በመኪና ግርግር መንገድ ስንወርድ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ይቀበለናል፤ መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በዚህ ሰፈር አጠገብ ሌላ ዓይነት ቤት ይታያል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ፎቅና የእንጨት ሰገነት ያላቸውን ቤቶች ሠሩ። ከእነዚህ አንዱ፥ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው፥ በበሩ እንጨት ላይ የተቀረጸው ጌጥ የሕንድን አገር ጥበብ ይመሰክራል። የሐረር ሰዎችም ይህን አሠራር አይተው ከራሳቸው ልማድ ጋር አዋሐዱት። በኃይል የገባው ጦር 10 ዓመት ከማይሞላ ጊዜ በኋላ ሲወጣ፥ በሰላም የገባው ጥበብ ግን ቀረ።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ግንቡ የሁሉ ስለ ሆነ ጠባቂው ብዙ ነው። የቤት በር ግን የባለቤቱ ነው፤ ምስጥ ሲበላውና ዝናብ ሲያበሰብሰው የሚያሳድሰው ገንዘብ ያስፈልገዋል። የላሜራ በር ደግሞ ቶሎ ይሠራል፥ ሌባንም ይከለክላል። ስለዚህ አሮጌውን በር የነቀለውን ሰው መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። የሚሻለው መቃኑንና መዝጊያውን መጠገን የሚችል አናጢ እንዲበዛና ሙያውም እንጀራ እንዲሆነው ማድረግ ነው። እኛም ተማሪዎች የየሰፈራችንን አሮጌ በሮች በሥዕልና በጽሑፍ ብንመዘግብ፥ ከሽማግሌዎችም ታሪካቸውን ብንጠይቅ፥ ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም። በሩ ከተነቀለ በኋላ ማን እንደ ገባበት የሚነግረን አናገኝምና።