በባቢሎን ወንዝ ዳር ስለ ተለቀሰው መዝሙር



ቅዳሜ ቅዳሜ ዳዊቱን የሚደግም ሁሉ 136ኛውን መዝሙር በአፉ ያልፍበታል፤ ልቅሶው ስለ ምን እንደ ሆነ ቆሞ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ኢየሩሳሌምን አፍርሶ፣ ቤተ መቅደሱን አቃጥሎ ሕዝቡን ማረከ። ምርኮኞቹን ስናስብ በሰንሰለት ታስረውና ተርበው የኖሩ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከባቢሎን ምድር ተገኝተው በ2014 እ.ኤ.አ. የታተሙ መቶ ያህል የሸክላ ጽሑፎች ሌላ ነገር ይመሰክራሉ። የይሁዳ ሰዎች መሬት ያርሱ፣ ግብር ይከፍሉ፣ ይበዳደሩና ይዋዋሉ ነበር፤ ከሰፈሩባቸው መንደሮች አንዱም በአገራቸው በይሁዳ ስም ተጠርቷል። ነቢዩ ኤርምያስም ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ስለ ተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ጽፎላቸው ነበር።

እንግዲህ ያለቀሱት እንጀራ አጥተው አይደለም። በገናቸውን ከዛፍ ላይ የሰቀሉት፣ የማረኳቸው ሰዎች የጽዮንን ዝማሬ ለጨዋታ ስለ ጠየቋቸው ነው። ለባቢሎን መጸለይ ይቻል ነበር፤ የእግዚአብሔርን ምስጋና ለማራኪ መዝናኛ ማድረግ ግን አልተቻለም። ዝምታቸው የፍቅር ዝምታ ነበረ። በባሕር ማዶ ደኅና ኑሮ ይዘው ሳለ በበዓል ቀን ዕንባ የሚቀድማቸው ወገኖቻችን ይህን ያለ መምህር ያውቁታል።

በዚያ ዘመን የእኛም ሰው ነበረ፤ ኤርምያስን ከጕድጓድ በገመድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ተረፈ ባሮክ እንደሚነግረን፣ የከተማዪቱን ጥፋት እንዳያይ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነሣ የያዘው በለስ እንኳ አልደረቀም። ለእርሱ እንቅልፍ ተሰጠው፤ በወንዙ ዳር ለነበሩት ግን ዕንባ።

የመዝሙሩ ፍጻሜ በባቢሎን ሕፃናት ላይ በቀልን ስለሚጠራ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ጥንታውያን መተርጕማን ሕፃናቱን በልብ ገና የሚወለዱ ክፉ አሳቦች፣ ዓለቱንም ክርስቶስ ብለው ተርጕመውታል፤ እኛም ይህን እንይዛለን። ዳሩ ግን የተናጋሪዎቹን ቍስል መርሳት አይገባንም። ንጉሣቸው ሴዴቅያስ ልጆቹ በፊቱ ሲታረዱ አይቶ ከዚያ በኋላ ዓይኑ የጠፋበት ነው። ምርኮኞቹ ያን ምሬት ለሰይፍ አልሰጡትም፤ ወደ እግዚአብሔር ጮኹበት እንጂ።

የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ በ538 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንዲመለሱ ፈቀደ። የአዲሱ ቤተ መቅደስ መሠረት በተጣለ ጊዜ፣ የቀድሞውን ያዩ ሽማግሌዎች ጮኸው አለቀሱ፤ ሌሎቹም እልል አሉ፤ ዕዝራ እንደ ጻፈው፣ የልቅሶው ድምፅ ከእልልታው ሊለይ አልቻለም።