ክርስቶስ አንድ፣ ክርስቲያኑ ስንት?

ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ሸክላ ከሚሠሩት እናቶች አንዷ ጋ ባለፈው ሰሞን ጀበና ልገዛ ጎራ ብዬ ነበር። ብሩን ተቀብለው መልስ ሳይሰጡኝ፣ "ልጄ፣ የተማርክ ነህ ይሉሃልና እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ክርስቶስ አንድ ከሆነ ይሄ ሁሉ ክርስቲያን ከየት መጣ?" አሉኝ። ሴት ልጃቸው ጴንጤ ሆናለች፤ ወንድ ልጃቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምራል፤ ሁለቱ ለፋሲካ አንድ ማዕድ ላይ መቅረብ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። "እኔ ከአንድ ጭቃ ጀበናም ድስትም አወጣለሁ፤ እርስ በርሳቸው ሲኳረፉ ግን አይቼ አላውቅም" ብለው እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ለዚህ ጥያቄ በሰፈራችን ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንዱ "ፈረንጅ ነው ያመሰን" ይላል። ሌላው "ተዋቸው እባክህ፣ ሁሉም ለሆዱ ነው" ይላል። የመጀመሪያው ጉድለቱ ታሪካችንን መርሳቱ ነው። ፕሮቴስታንት የሚባል ሰው በዚህ አገር ደጅ ከመታየቱ በፊት እኛው በእኛው ተከፋፍለን ጉባኤ ቆመናል፣ ተወጋግዘናል፣ ደም ተፋሰናል። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ለሆዱ ሲል እንደማይሞት ይዘነጋል፤ ለእምነቱ ቃል የሞተው ግን ብዙ ነው።

የዓለሙን በአጭሩ ልለፈው። ትልቁ ስንጥቅ እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የመጣው ነው። ክርስቶስ አምላክም ሰውም ነው በሚለው ሁሉም ይስማማሉ፤ ጠቡ "አንድ ባሕርይ ወይስ ሁለት ባሕርይ?" የሚለው ላይ ነበር። የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ ተሻሩ፤ ግብፅ፣ ሶርያና አርመን ወደ አንድ ወገን፣ ሮምና ቁስጥንጥንያ ወደ ሌላው ሄዱ። ሮምና ቁስጥንጥንያም በተራቸው እ.ኤ.አ. በ1054 ተለያዩ፤ ከሮም ደግሞ በ1517 ሉተር ተነሣ። እኛ የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አባ ሰላማን የተቀበልነው ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ስለነበር እስክንድርያ የሄደችበት ሄድን፤ ተዋሕዶ ሆንን።

ከእስክንድርያ ጋር የመጣ ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ የኋላው መከፋፈል ዋናው ቁልፍ እሱ ነው። በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚያዝ፣ የኒቅያ ጉባኤ ነው ተብሎ የተጻፈ ቀኖና አለ። ኒቅያ እንደዚያ ያለ ነገር አልወሰነም። ሆኖም አገሪቱ እስከ 1943 ዓ.ም ድረስ ሊቀ ጳጳሷን ከግብፅ ስታስመጣ ኖረች። አቡኑ ሲመጡ ግዕዙንም አማርኛውንም አያውቁም፤ ሲሞቱ ደግሞ ተተኪ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። አቡነ ሰላማ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1841 ከመምጣታቸው በፊት መንበሩ ከዐሥር ዓመት በላይ ባዶ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሊቃውንት ሞልተዋል፣ ክርክር ሞልቷል፣ ዳኛ ግን የለም። ዳኛ በሌለበት ደግሞ ጦር ያለው ሰው ዳኛ ይሆናል።

አንዳንዴ ንጉሡ አዋቂ ሆኖ ነገሩ በሰላም ያልቃል። አባ ኤዎስጣቴዎስ "ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ነው" በማለታቸው ከአቡኑ ወገን ጋር ተጣልተው ከአገር ወጥተው በአርመን ምድር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለመቶ ዓመት ያህል ክህነት ተከልክለው ኖሩ። ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠሩና ሁለቱም ሰንበት ይከበር፣ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ ክህነት ይቀበሉ ተብሎ ተወሰነ። የመቶ ዓመት ጠብ በአንድ ጉባኤ!

የኋለኛው ግን እንዲህ አላለቀም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1603 መጣ። ለስላሳ ሰው ነበር፤ ቋንቋውን ተማረ፣ አጼ ሱስንዮስን ወዳጅ አደረገ። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ፤ ፓኤዝ ግን በዚያው ዓመት ሞተ። ተተኪው አፎንሶ ሜንዴዝ ሌላ ዓይነት ሰው ሆነ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱ እንደገና ይሾም፣ ታቦቱ ይነሣ፣ ግዝረት ይቅር፣ ቅዳሜ ይሻር አለ። ገበሬው ተነሣ። በ1632 ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ ራሳቸው የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሼላችኋለሁ ብለው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ።

ኢየሱሳውያኑ ሄዱ፤ በክርክሩ ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ግን ቀረ። ሐዋርያት ሥራ 10፥38 ላይ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደቀባው ይላል። አምላክ ከሆነ መቀባቱ ለምን አስፈለገው? የእኛ ሊቃውንት ይህንን ለመመለስ ሲሉ ሦስት ሆኑ። አንደኛው ወገን ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው፣ በዚያም የባሕርይ ልጅ ሆነ አለ፤ "ቅባት" ተባለ። ሌላው በቅባት የጸጋ ልጅ ሆነ፣ ይህም ሦስተኛ ልደት ነው አለ፤ "ጸጋ" ወይም "ሦስት ልደት" ተባለ። ሦስተኛው ደግሞ ልደቱ ሁለት ብቻ ነው፣ ከአብ ያለ እናት፣ ከማርያም ያለ አባት፤ ቀቢውም ተቀቢውም ቅብዑም ራሱ ወልድ ነው አለ። ይህን ሦስተኛውን ሦስተኛዋን ልደት ስለቆረጠ ባላጋራዎቹ "ካራ" አሉት።

ቄስ ትምህርት ቤት ያልገባ አንባቢ "ለዚህ ነው እንዴ ሰው የተፋጀው?" ይል ይሆናል። አዎ፣ ለዚህም ነው። ግን ካርታውን ዘርጉና ተመልከቱ። በጥቅሉ ሲታይ ቅባት ጎጃም ነው፣ ካራ ትግራይ ነው፣ ጸጋ ጎንደርና ሸዋ ነው። ከኋላውም የገዳማት ወገን አለ፤ የኤዎስጣቴዎስ ቤትና የተክለ ሃይማኖት ቤት። ንጉሥ ሲለወጥ ትክክለኛው ሃይማኖት አብሮ ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1721 አጼ ዳዊት ሣልሳዊ ለቅባት ፈረዱ፤ ውሳኔውን የተቃወሙ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት በወታደር ተፈጁ። ያን ዘመን ሳነብ የሚገርመኝ የጭካኔው ነገር አይደለም። የሚገርመኝ ሁሉም ያንኑ ቅዳሴ ይቀድሱ የነበረ መሆኑ ነው።

የየጁው ዘመን አልፎ ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው አጼ ቴዎድሮስ፣ ገና ሳይነግሡ እ.ኤ.አ. በ1854 በአምባ ጫራ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። አቡኑ ካሣን ይደግፋሉ፣ ካሣም ሁለት ልደትን ያውጃሉ። የተጠናቀቀው ግን በቦሩ ሜዳ ነው። ግንቦት 1870 ዓ.ም፣ ወሎ፣ ደሴ አጠገብ። አጼ ዮሐንስ አራተኛ ተቀምጠዋል፤ ከጥቂት ወራት በፊት ልቼ ላይ የገበሩላቸው የሸዋው ምኒልክም አሉ። ሸዋ እንግዲህ የሦስት ልደት አገር ነው። ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ ሁለት ልደት ረታ። ሃይማኖትን አንድ ማድረግ መንግሥትን አንድ ማድረግ ስለነበር የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ያን ጊዜ ነው ራስ ሚካኤል የሆኑት። ቅባት ግን በአዋጅ አልጠፋም፤ በምሥራቅ ጎጃም ወሬው ዛሬም ይነሣል።

ወደ ፈረንጁ እንምጣ። የሚገርመው፣ ሉተር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1534 ዊተንበርግ ላይ ሚካኤል ከሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጋር ተገናኝቶ በእምነት ተስማምተናል ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ሚስዮኖች በ19ኛው መቶ ዓመት ሲመጡም አብዛኞቹ የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን እናድሳለን እንጂ አዲስ እንተክላለን አላሉም። ያመጡት ዋና ነገር መጽሐፍ ነው። የአባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። ሐማሴን ጸዓዘጋ ላይ ይህን መጽሐፍ ያነበቡት ሰዎች ፈረንጆች አልነበሩም፤ የእኛው ካህናት ነበሩ፤ ያነበቡትን ቢጠይቁ ተሰደዱ። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደግሞ በኦሮምኛ ሠሩት፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ወጣ። እናቱ በምትናገርበት ቋንቋ ስብከት ሰምቶ የማያውቅ ሰው ያንን ሲያገኝ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ወላይታ ላይ ሚስዮኖቹ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲባረሩ ትተው የሄዱት ጥቂት ደርዘን አማኝ ነበር፤ ሲመለሱ በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው። ያበዛው ፈረንጅ ነው እንዳንል ፈረንጅ አልነበረም።

ኦርቶዶክስ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችበት 1951 ዓ.ም፣ መካነ ኢየሱስም በሕግ የቆመችበት ዓመት ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ሳስበው ይከነክነኛል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 43.5 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ነበር። ፕሮቴስታንት ብሎ አንድ መቁጠር ደግሞ ለቆጣሪው ይቀለው እንጂ እነሱም ስንትና ስንት ናቸው።

ትምህርት ብቻ ነው የሚለያየው ለሚል ሰው የቅርቡን ልጥቀስ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወረዱ፣ በሐምሌ 1984 ዓ.ም አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። በአሜሪካ ስደተኛ ሲኖዶስ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ያለ ሐበሻ "የአገር ቤቱ"፣ "የስደተኛው" ወይም "ገለልተኛው" ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚሳለመው። ቅዳሴው አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ ታቦቱ አንድ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም እስኪታረቁ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት። ያንን ዕርቅ አድምቀን ሳንጨርስ በጥር 2015 ዓ.ም በኦሮሚያ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ሃያ ስድስት ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ ክርክሩ የቋንቋና የአስተዳደር ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ስምምነት ቢደረስም የሞተው ሞቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ አክሱም ላይ የትግራይ አባቶች የራሳቸውን ሾሙ፤ የእነሱ ቅሬታ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ዝም ተባልን የሚል ነው። ሁለት ልደት ሦስት ልደት ያለ ሰው አንድም የለም።

ስም ያልወጣለት መከፋፈልም አለ። ቀጨኔ ለዚህ ምስክር ናት። የሸክላ፣ የብረትና የሽመና ሰዎች ከሰሜን ሸዋ መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ትውልድ አልፏል። መድኃኔዓለምን ያነግሣሉ፣ ጽዋ ይጠጣሉ፣ ልጅ ክርስትና ያስነሣሉ። ሆኖም በዚያው ደጀ ሰላም አብሯቸው የሚቆመው ሰው "ቡዳ" ይላቸው ነበር፤ ልጁን አይድርላቸውም ነበር። አንዳንዶቹ ከቤተ እስራኤል ነን፣ ቅዳሜንም በሥውር ስናከብር ኖረናል ይላሉ፤ ከወጣቶቹም ይህንን በግልጽ የሚናገሩ ወጥተዋል። እነዚህ ልጆች ሲወጡ "ማን አሳታቸው?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ውስጥ በነበሩ ጊዜ ማን አስገብቷቸው ነበር?

በኑሮ ደረጃ ነገሩ የሚከረው በሞት ጊዜ ነው። ዕድራችን ከዓመታት ጭቅጭቅ በኋላ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ገንዘቡ የዕድሩ ነው፣ ጸሎቱ ግን የቤተሰቡ ነው ብሎ ደንቡ ላይ ጽፏል። ካህን ሲያሰግድ ጴንጤው ውጭ ይቆማል፣ ፓስተር ሲጸልይ ኦርቶዶክሱ ውጭ ይቆማል፤ ንፍሮውን አንድ ላይ ይበላሉ። ይሄኛው ሠርቷል። ያልሠራው ቤተሰቡ ራሱ ሁለት ሲሆን ነው። ፍትሐትና የቤተ ክርስቲያን መቃብር በእምነቱ ጸንቶ ለኖረ ነው፤ እናትና አባቱ የተቀበሩበት ካልሆነ እያሉ እኅቶቹ ያለቅሳሉ፣ ሚስቱ ደግሞ ኑዛዜውን ይዛ ወንጌላውያን መካነ መቃብር ትላለች፤ አስከሬኑ ቤት ተቀምጧል። እንዲህ ሲሆን ማን ይወስን? ባለፈው ዓመታዊ ስብሰባ ይኸው ነጥብ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተነጋግረንበት፣ ቃለ ጉባኤው ላይ "ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ" ተብሎ ተጽፏል።